የሦስተኛዋ ሴት ጉዳይ፦ ከፖንቶርሞ ሥዕል ወደ ቪዮላ ቪዲዮ

ሥዕል አንዲት ቅጽበት ይይዛል፣ ትረካ ግን በጊዜ ውስጥ ይጓዛል የሚለው ክፍፍል ከሌሲንግ «ላኦኮን» (1766 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ የለመደው ነው። ይህን ክፍፍል ከተፈታተኑት ሥራዎች አንዱን አሜሪካዊው የቪዲዮ ጥበብ ባለሙያ ቢል ቪዮላ (1951–2024) እ.ኤ.አ. በ1995 በቬኒስ ቢየናሌ አቅርቧል። «ሰላምታ» የተሰኘው ይህ ቪዲዮ መነሻው ጣሊያናዊው ፖንቶርሞ በ1528 ገደማ የሣለው፣ ድንግል ማርያም ኤልሳቤጥን ስትጎበኝ የሚያሳየው የካርሚኛኖ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ሁለቱ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በፍሎረንስ ከተማ በፓላትሶ ስትሮትሲ በአንድ ዐውደ ርእይ ታይተዋል።

45 ሰከንድ ያህል የፈጀ ድርጊት በሰከንድ 300 ምስል በሚያነሣ ካሜራ ተቀርጾ ወደ 10 ደቂቃ ተለጥጧል። ስለ ዝግታው ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሦስተኛዋ ሴት ጉዳይ ነው።

በፖንቶርሞ ሥዕል አራት ሴቶች አሉ። ማርያምና ኤልሳቤጥ በጎን ተሥለው፣ ተቃቅፈው ይተያያሉ፤ ከኋላቸው የቆሙት ሁለቱ ግን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። (በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ በጎን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸውና፣ የእኛን ሀገር ተማሪ ዓይን አስቀድመው የሚይዙት እኒያ ፊት ለፊት የሚያዩት ናቸው።) ወንጌላዊው ሉቃስ እነዚህን ሴቶች አልጠቀሳቸውም። በትረካ ቋንቋ ድርሻቸው ምስክርነት ነው፤ የሆነውን አይተዋል፣ እኛም እንድናይ በዓይናቸው ይጠሩናል።

ቪዮላ ሴቶቹን ሦስት አደረጋቸው። ሁለቱ ቆመው ሲጨዋወቱ አንዲት ሴት ትመጣለች። የምትተዋወቀው በዕድሜ ከምትበልጠው ጋር ነው። ይተቃቀፋሉ፤ መጪዋ በጆሮዋ ሹክ ትላታለች። ሌላዋ እዚያው እንደ ቆመች ትቀራለች። በተለመደው ፍጥነት ቢሆን ማንም ልብ የማይለው ቅሬታዋ እዚህ በደቂቃዎች ይለካል። ምስክሯ ባዕድ ሆናለች።

ስለዚህ ቪዮላ ሥዕሉን ሕይወት ዘራበት የሚለው ውዳሴ አያሳምነኝም። በሉቃስ ወንጌል ኤልሳቤጥ በታላቅ ድምፅ ትናገራለች፤ እዚህ ግን ብሥራቱ ምስጢር ሆኖ ከሁለት ሰዎች አይወጣም። ይህ ሃይማኖቱን ገፍፎ ድራማውን መውሰድ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በከፊል እስማማለሁ፤ የፖንቶርሞ ሴቶች ለተመልካቹ የሰጡት ግብዣ ጠፍቷል፣ ጥፋቱም ቀላል አይደለም። ሆኖም ሥዕሉ ያላነሣው ጥያቄ ተነሥቷል፤ ከደስታው ውጭ የቆመው ሰው ምን ይሰማዋል? ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም።

ቪዲዮውን በቅጂ ለተማሪዎቼ ሳሳይ፣ ሲያበቃ መጀመሪያ የቀረበልኝ ጥያቄ «ምን አለቻት?» የሚል ነበር። የሥዕሉን ፎቶግራፍ ባሳየሁበት ቀን ይህን የጠየቀ አልነበረም።