አዋጁ፣ እረኛውና የእብናት ወሬ

በየዶርሙ የሚነሣው የጋዜጣና የፌስቡክ ክርክር መቼም አያልቅም። አንዱ ወገን «ፌስቡክ ሐሜት ነው፤ ዜና ማለት የታተመ ነው» ይላል። ሌላው «ጋዜጣ ደግሞ ማን ያነባል?» ብሎ ይዘጋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል፤ ነገሩን ማን አየው? ለተናገረውስ ማን ይጠየቃል?

አገራችን ድሮም ሁለት የወሬ መንገድ ነበራት። አንደኛው ከላይ የሚወርደው አዋጅ ነው፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰማል። ሁለተኛው ከታች የሚወጣው የእረኛ ዘፈን ነው፤ ሹማምንቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው ለዚህ ነው። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን የነጋሪቱ ልጅ ነው። በስልኩ ቀርጾ የሚለጥፈው ወጣት ደግሞ የእረኛው።

ነጋሪቱ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን እብናት ታውቀዋለች። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ረሀብ አፈናቅሏቸው እብናት መጠለያ የሰፈሩ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በግድ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። ወሬውን ለዓለም ያደረሱት የውጭ ዕርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ናቸው። መንግሥት መጀመሪያ አስተባበለ፤ ኋላ ስሕተት መሆኑን አመነ። ያን ጊዜ ጋዜጣው በመንግሥት እጅ ነበር፤ ሳንሱርም በአዋጅ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው። የተባረረው ገበሬ ታዲያ የራሱን ጉዳይ በየትኛው ዓምድ ይናገር?

ያኔ ስልክ ቢኖር ኖሮ እንላለን። እውነት ነው፣ ጭሱ በዚያው ዕለት ይታይ ነበር። ግን ዛሬ ያላየው ሰው ያየ መስሎ ይጽፋል፤ የሌላ አገር ፎቶ የእኛ ነው ይባላል፤ ውሸቱ ሲነቃበት አጥፍቶት ይሄዳል። ጋዜጣ እኮ ቢዋሽ እንኳ ቀኑን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የ1977ን ጥራዝ አውጥቶ ምን እንደጻፈ፣ ምን እንደዘለለ መመርመር ይቻላል። የተሰረዘ ልጥፍ በምን ይመረመራል?

ደግሞስ እረኛውም ነፃ ነው ያለው ማነው? የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ ያን ጊዜ የቀረልን ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ ነበር።

ሦስተኛ መንገድ ግን በገዛ ግቢያችን ታሪክ ውስጥ አለ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ረሀቡን በዓይናቸው አዩ፤ ፎቶ አነሡ፤ ግቢ ውስጥ አሳዩት። የጋዜጣ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ያዩትን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል።

ስለዚህ የምትለጥፍ ወንድሜ፣ የምትለጥፊ እኅቴ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፤ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ፤ ስትሳሳቱ አታጥፉት፣ አርሙት። አዘጋጆችም ከወረዳ የሚመጣውን ቃል «ያልተረጋገጠ ነው» ብለው ከመጣል በፊት ሰው ልከው ያረጋግጡ።