ቮልቱን ተዉት፣ ከረንቱን ጠይቁ

«ጋሼ፣ ባለ 3 ኪሎቮልቱ ካፓሲተር እየጋለ አስቸገረኝ፤ በባለ 6 ልቀይረው?» አለኝ እዚህ ሜሪላንድ በቅርቡ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጣ ልጅ። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ገዝቷል፤ በ10 ሜትር ባንድ ሙሉ ኃይል ሲያወጣበት የመውጫ ፊልተሩ ካፓሲተር ይግላል፤ ጥቂት ቆይቶም ኃይሉ መውረድ ይጀምራል። ይህንኑ ጥያቄ በሥራው ያረጁ ሰዎችም ሲያነሱት ሰምቻለሁ። የሚያገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ቮልቱን ከፍ አድርገው» ነው። የኔ ጠብ ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ቮልቴጅ ካፓሲተርን ይበሳዋል እንጂ አያግለውም። በቮልቴጅ የሞተ ጧ ብሎ፣ ጥቁር መስመር ትቶ ነው የሚሄደው። ቀስ እያለ ጠቁሮ፣ የራሱን ብየዳ አቅልጦ የሚወድቀው ከረንት የበዛበት ነው። የአጥርህን ቁመት እጥፍ ስላደረግህ የበርህ ስፋት አይጨምርም።

ስሌቱ የወረቀት ጥግ አይሞላም። አሜሪካ ለአማተር የፈቀደችው ጣሪያ 1500 ዋት ነው። ያ ኃይል በ50 ኦም መስመር ሲወጣ ቮልቴጁ 274፣ ጫፉ ደግሞ 387 ነው። ባለ 3 ኪሎቮልቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ትርፍ ነበረው ማለት ነው! ከረንቱስ? የ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ሪአክታንስ በ28 ሜጋኸርትዝ 57 ኦም ገደማ ስለሆነ 4.8 አምፒር ያልፍበታል። ያው ካፓሲተር በ3.5 ሜጋኸርትዝ 0.6 አምፒር ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በ80 ሜትር ባንድ ቀዝቅዞ የሚውለው ዕቃ በ10 ሜትር የሚነደው ለዚህ ነው።

274ቱን በ4.8 ብታባዛው ከ1300 ቮልት አምፒር በላይ በዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይመላለሳል። ከዚህ ምን ያህሉ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ የሚወስነው ሴራሚኩ ነው። ኤንፒኦ የሚባለው ዓይነት ብክነቱ ከሺህ አንድ ቢሆን ሙቀቱ 1.3 ዋት ነው። ኤክስ ሰቨን አር የሚባለው ግን ከመቶ 2.5 ቢያባክን 33 ዋት ይሆናል። የኔ ትንሿ ካውያ 30 ዋት ናት። ሁለቱ ዓይነቶች ደግሞ በመልክ ሊመሳሰሉ፣ የተጻፈባቸው ቮልትና ፒኮፋራድም አንድ ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹን የሶቪየት ኬ15ዩ ካፓሲተሮች የምወዳቸው በዚህ ነው፤ ከቮልታቸው ጋር የሪአክቲቭ ኃይል ልካቸውም በኪሎቫር ተሰጥቷል። የሠራቸው ሰው የሚገድላቸውን ያውቃል።

ለልጁ አራት ባለ 25 ፒኮፋራድ ኤንፒኦ ጎን ለጎን አስገባ አልኩት። ጠቅላላ ሙቀቱ ያው ነው፤ የሚወጣበት ገላ ግን በአራት እጥፍ ሰፋ። አገጣጠሙ ላይ ግን ድርቅ እላለሁ። አራቱን በቀጭን ሽቦ በተርታ ከደረደርካቸው እኩል አይካፈሉም፤ አንዱ ከድርሻው በላይ ይሸከማል። እግራቸው አጭርና እኩል ሆኖ ሰፊ የመዳብ ቆርጦ ላይ ይበየዱ። መዳቡ ከረንቱን ያደላድላል፤ ሙቀቱንም ይስባል።

«ቬንቲሌተር ግጠምበትና ተገላገል» የሚል ወዳጅ አለኝ። ለቫልቭ እሺ። ሴራሚክ ግን የሚግለው ከውስጡ ነው፤ ላዩን ብታናፍስለት ሞቱን ታዘገያለህ እንጂ ምክንያቱን አላነሳህም። ይህ ዘዴ ድሮ ያዋጣ ይሆናል፤ በድምፅ የሚያወራ ሰው ትንፋሽ ይወስዳል፣ ካፓሲተሩም ያኔ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ስቲቭ ፍራንክና የ1993ቱ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ጆ ቴይለር ኤፍቲ 8 የተባለውን የዲጂታል መልእክት ዘዴ አመጡልን። በሚያስተላልፍበት የ15 ሰከንድ ዙር ወደ 13 ሰከንድ ያለ ፋታ ይልካል። ለዓመታት ድምፅ የተሸከሙ አምፕሊፋየሮች ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ በዝተዋል። (ቫልቩን ስለሚመግበው 3000 ቮልት አልሰብክም። ቮልቱን ወደ መሬት የሚያወርድበት ዘንግ የሌለው ክዳኑን አይክፈት።)

አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ይደመጥ ነበር። የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎቹ ባለ 100 ኪሎዋት መሆናቸውን የሰማሁ ዕለት፣ ከዜናው ይልቅ ያን የሚያህል እሳት አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ማን ይሆን የሚለው ያዘኝ። ዛሬም 10 ሜትር ሲከፈት ኢቲ 3 ኤኤን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የክበብ ጣቢያ፣ ከጫጫታው ውስጥ እፈልጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከ1500 ዋት ላይ 33ቱ ቢጎድል እዚያ የተቀመጠው ተማሪ ልዩነቱን አይሰማውም። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚነደውን ነገር ሳላውቅ ማይክሮፎን መያዝ አልችልም። ሌላው ሰው ሬዲዮ የሚወደው ለሚያገናኘው ሰው ነው፤ እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ማሽኑን ነው፣ ሰዎቹ በኋላ መጡ።

ልጁ አራቱን ገጥሞ እየሠራ ነው። እናንተም ካፓሲተር ስትገዙ ሻጩን በ30 ሜጋኸርትዝ ስንት አምፒር እንደሚችል ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።