ሂሳብ የሚያውቅ ወላጅ

በትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ የሚያገለግሉ የሂሳብ ባለሙያዎችን ከልብ አደንቃለሁ። ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ነውና በመሥሪያ ቤታቸው እያመሹ ይሰነብታሉ፤ የቅዳሜን ከሰዓት ግን ለትምህርት ቤቱ ይሰጣሉ። ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የገባውን ጠመኔና ወረቀት በሞዴል 19፣ የወጣውን በሞዴል 22 ያመሳክራሉ፤ ከዚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው ራሳቸው ይቆጥራሉ። ደረሰኝ የጎደለው ወጪ ካለ ርእሰ መምህሩን ሳያሳፍሩ፣ ነገር ግን ሳያልፉ ይጠይቃሉ። በስብሰባ ላይ ደግሞ ከወላጅ የተዋጣው ብር የት እንደዋለ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በሚገባው አማርኛ ያስረዳሉ፤ ለእኔ ትልቁ ሙያ ይኼ ነው። በሙያ ማኅበራቸውም ያው ናቸው፤ ከ2006ቱ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ወዲህ በመጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ግር ለተሰኙ ጀማሪ ባለሙያዎች ጊዜያቸውን አይሰስቱም።