የፕሮስቴት ካንሰርን በኤም.አር.አይ. መለየት፦ የፕሮሚስ ጥናት ሒሳዊ ቅኝት

የፕሮስቴት ካንሰር የሚጠረጠርበት ወንድ ለረጅም ዘመን ሲመረመር የኖረው በዕውር ድንብር ነበር ማለት ይቻላል። የፒ.ኤስ.ኤ. መጠን ከፍ ሲል ወይም በጣት ምርመራ ጥርጣሬ ሲፈጠር፣ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ እየታገዘ ከዕጢው ከ10 እስከ 12 ናሙና ይወሰዳል። አልትራሳውንዱ ዕጢው የት እንዳለ እንጂ ካንሰሩ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ለጡት ወይም ለጉበት እንዲህ ያለ አሠራር ማን ይቀበለው ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት መጽሔት የታተመው የፕሮሚስ ጥናት ይህንን ልማድ በአኃዝ ፈትኖታል። በዩናይትድ ኪንግደም በ11 ማዕከላት፣ ቀደም ሲል ባዮፕሲ ያልተደረገላቸው 576 ወንዶች ሦስት ምርመራ አልፈዋል፤ ኤም.አር.አይ.፣ የተለመደውን ባዮፕሲ፣ እንዲሁም በየ5 ሚሊሜትሩ ናሙና የሚወሰድበትን የካርታ ባዮፕሲ። የጥናቱ ትልቁ ብርታት ይኸው ሦስተኛው ምርመራ ነው። ቀደም ሲል ምስሉ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዕጢ ጋር ሲነጻጸር፣ የሚመዘኑት ካንሰራቸው አስቀድሞ የታወቀ ሕሙማን ብቻ ነበሩ። በፕሮሚስ ግን ምስላቸው ንጹሕ የሆነውም ጭምር እስከ ጥግ ተመርምረዋል።

አሳሳቢ ካንሰር የተገኘባቸው 230 ነበሩ። ኤም.አር.አይ. ከእነዚህ 93 በመቶውን ሲለይ፣ የተለመደው ባዮፕሲ የለየው 48 በመቶውን ብቻ ነው። 119 ሰዎች ከመርፌው አምልጠዋል ማለት ነው። ይህ ግኝት ብቻውን ጥናቱን ታላቅ ያደርገዋል።

ጥያቄው የሚነሣው «አሳሳቢ» በሚለው ቃል ላይ ነው። አጥኚዎቹ በዋናነት የወሰዱት መስፈርት ግሊሰን 4+3 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም በአንድ ናሙና ውስጥ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው ካንሰር የሚል ነው። ወሰኑ ከፍ ያለ ነው። ማንኛውም ግሊሰን 3+4 ቢካተት ምስሉ ካንሰሩን የመለየት አቅሙ ወደ 88 በመቶ ይወርዳል፤ ንጹሕ የተባለ ምስል የሚታመንበት መጠን ደግሞ ከ89 ወደ 76 በመቶ ያሽቆለቁላል። ምስሉም አንባቢውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ትርጓሜው ነው። ያም ሆኖ «ነጻ» ከተባሉት አራት ወንዶች አንዱ ገደማ ካንሰሩን ይዞ ይሄዳል። አጥኚዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ በጉባኤ አዳራሾች ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ግን 93 ብቻ ነው። በአንጻሩ፣ በዚህ ጥናት ግሊሰን 4+3 የደረሰ አንድም ካንሰር ከኤም.አር.አይ. እንዳላመለጠ መመስከር ተገቢ ነው።

ምስሉ ጠርጣራም ነው። አሳሳቢ ካንሰር የሌለበትን ነጻ ያለው በ41 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ ከመርፌ ሊድኑ የሚችሉት ከመላው ተመርማሪ 27 በመቶው ነበሩ። የታየውን ቦታ መርፌው በትክክል ማግኘት አለማግኘቱንም ፕሮሚስ አልፈተነም። ይህን ያሟላው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፕሪሲዥን ጥናት ነው። በ500 ወንዶች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት፣ በምስል የተመራው ቡድን 38 በመቶ፣ የተለመደው 26 በመቶ አሳሳቢ ካንሰር አግኝተዋል፤ ሕክምና የማያሻው ካንሰርም ከ22 ወደ 9 በመቶ ወርዷል።

ለኢትዮጵያ ሐኪም ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ንጹሕ ምስል የሚታመንበት መጠን የሚወሰነው በሽታው በተመርማሪዎቹ ዘንድ ባለው ስርጭት ነው። ፕሮሚስ የተቀበለው ፒ.ኤስ.ኤ. እስከ 15 ናኖግራም የሆነላቸውን ወንዶች ሲሆን፣ ከመካከላቸው አሳሳቢ ካንሰር የነበረባቸው 40 በመቶ ናቸው። ሽንት ሲዘጋበት ወይም ወገቡ ሲሰብረው ወደ ሆስፒታል ለሚመጣ አዛውንት የ89 በመቶው ስሌት አይሠራም፤ እርሱ የሚያስፈልገው የጣት ምርመራ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. እና ሳይዘገይ የሚወሰድ ናሙና ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. በጥቂቱ ከፍ ብሎበት ያለ ሕመም ምልክት ለመጣው የ55 ዓመት ሰው ግን ምስሉ ከመርፌው መቅደም ይገባዋል፤ ውጤቱም ከፒ.ኤስ.ኤ. እና ከዕጢው መጠን ጋር ተገናዝቦ መነበብ አለበት።

በወጪ ረገድ ተስፋ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የፕራይም ጥናት ነው። በ490 ወንዶች ላይ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ንጥረ ነገር ቢቀርም የተገኘው አሳሳቢ ካንሰር በሁለቱም በኩል 29 በመቶ ገደማ ሆኗል። ማዕከላቱ ግን ወደ ጥናቱ ከመግባታቸው በፊት የምስላቸው ጥራት ተመርምሯል።