ፊት የሌለው ቀዛፊ

ባሕር ዳርን ሊያነሡ የሚመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል፤ የምትጠልቅ ጀንበር፣ ታንኳ፣ ጥቁር ጥላ የሆነ ቀዛፊ። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ፀሐይን ከፊት አድርጎ ማንሣት የሰውን ፊት ያጠፋል፤ ፊቱ ከጠፋ ደግሞ ስሙን የሚጠይቅ የለም። የዘጌ ሰው ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ሲቀዝፍ ታንኳው ደንገል ነውና ውኃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ታንኳ ሲደርቅ የሚያሳይ ፖስትካርድ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ጣናን ያወቅሁት ከማዶ፣ ከይፋግ በኩል ነው። በእኛ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እንቦጭ ዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘግቶበታል፤ እሱንም ያነሣው ጥቂት ነው (ሐምራዊ አበባው እንኳ ለካሜራ ያምር ነበር!)።