የአጽናኙ ድምፅ፦ በብራምስ «የጀርመን ሬኪየም» አምስተኛ ክፍል ላይ

የዮሐንስ ብራምስ «የጀርመን ሬኪየም» በላቲን ከሚዜመው የፍትሐት ቅዳሴ የሚለየው በቋንቋው ብቻ አይደለም። የላቲኑ ለሟች ዕረፍትን ይለምናል፤ ብራምስ ከሉተር የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ መርጦ ያሰናዳው ቃል ግን የሚጀምረው ሐዘንተኞችን በማጽናናት ነው። ስለ ፍርድ ቀን ቁጣ የሚናገረው የላቲኑ መዝሙርም በውስጡ የለም።

ሥራው በ1868 እ.ኤ.አ. በስቅለት ዕለት በብሬመን ካቴድራል ሲቀርብ ስድስት ክፍል ነበረው። ዛሬ አምስተኛ የሆነው ክፍል በኋላ ተጨምሮ፣ ሰባቱም በ1869 ላይፕሲግ ላይ ተሰሙ። ይህን ክፍል በ1865 ለሞተችው እናቱ እንደ ቆመ መታሰቢያ ብቻ መተርጎም የተለመደ ነው። ትርጓሜው ስሕተት ነው ባይባልም የድርሰቱን አወቃቀር አያስረዳም። በሦስተኛው ክፍል አንድ የወንድ ድምፅ ስለ ዕድሜው አጭርነት ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። በአምስተኛው አንዲት የሴት ድምፅ በ«እኔ» አንደበት ለሐዘንተኞች ዳግም የመገናኘትን ተስፋ ትሰጣለች፤ መዘምራኑም ከሥር የእናትን ማጽናናት ያነሣሉ። ይህ ክፍል ባይኖር መጽናናት ስለ እርሱ የሚነገር ትምህርት ሆኖ በቀረ ነበር፤ እዚህ ግን አጽናኙ ራሱ ይናገራል።

በመሆኑም ክፍሉ ተቀጽላ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል ለሐዘንተኞች የገባው ቃል የሚፈጸምበት ነው። የመጨረሻው ክፍል ያንኑ የብፅዕና ቃል ለሙታን ለማዋል የሚችለውም ሕያዋኑ አስቀድመው ስለ ተጽናኑ ነው።