ክብደቱ የት ያርፋል? ስለ ነሐስ መሣሪያዎችና ስለ ተጫዋቹ አካል

በሙዚቃ ሂስ ረገድ ይዘትና ቅርጽ የተባሉት ሁለት ቃላት ብዙ አገልግለዋል። አንድ የማርሽ ባንድ ወይም የኪነት ቡድን በአደባባይ ሲቀርብ ሐያሲው ዜማውን ይመረምራል፤ ቅንብሩን ይመዝናል፤ የአልባሳቱን ኅብርና የእርምጃውን አንድነት ይመለከታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ተራ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የመሣሪያው ክብደት ከተጫዋቹ አካል በየትኛው ክፍል ላይ ያርፋል? የሚለው ነው። ጥያቄው ለሐያሲ ሳይሆን ለሐኪም ወይም ለንብረት ክፍል ኃላፊ የሚቀርብ ይመስላል። ይሁንና ትርዒቱ ሲጀመር ሙሉና ክብ ሆኖ ይሰማ የነበረው የቱባ ድምፅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲጠብና ሲቆራረጥ፣ ሐያሲው «የልምምድ ጉድለት ይታያል» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ግን ልምምድ ሳይሆን መደገፊያ ነው።

ትራምፔት ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ትሮምቦን ሁለት ኪሎ ያህል ቢመዝንም ሸክሙ በሙሉ የሚወድቀው በግራ እጅ ላይ ነው፤ ቀኝ እጅ ተንሸራታቹን ቱቦ ሲገፋና ሲስብ ስለሚውል ሊያግዝ አይችልም። ዩፎኒየም አራትና አምስት ኪሎ ይደርሳል። ቱባ እንደ መጠኑ አሥር ኪሎን ያልፋል። (ለጋሞ ሸማኔ ቱባ የክር ጥቅል ነው፤ የቃሉ መግጠም የሸክሙን ልዩነት ይበልጥ ያጎላዋል።) ይህ ክብደት ለአንድ አፍታ ሲያዙት ቀላል ነው፤ ሰዓት ሲቆጥር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በተለይም በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ በበዓል ቀን አደባባይ፣ ባንዱ መሣሪያውን በትከሻው እንደያዘ የክብር እንግዳው ንግግር እስኪፈጸም ሲጠብቅ የኪሎው ትርጉም ይለወጣል።

ክብደት በአካል ላይ የሚሠራው ሥራ በቀጥታ ወደ ድምፅ ይገባል። የግራ ክንድ ሲዝል ትከሻ ሳይታወቅ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የአንገት ጡንቻ ይወጠራል፤ የጎድን አጥንቶች እንደ ልብ መከፈት ስለሚሳናቸው ወደ ሳንባ የሚገባው አየር ያንሳል። አየር ሲያንስ ረጅሙ ሐረግ ከመጨረሻው በፊት ይቆረጣል። ክንዱ ይበልጥ ሲደክም ደግሞ መሣሪያው ያዘነብላል፤ ተጫዋቹም አንገቱን አስግጎ ይከተለዋል፤ ከንፈሩን ከመሣሪያው አፍ ጋር አጥብቆ በመጫን ድካሙን ለመሸፈን ይሞክራል። የተጨቆነ ከንፈር እንደ ልቡ አይርገበገብም፤ ድምፁም ይሻክራል። እንግዲህ አድማጩ የሚሰማው የተጫዋቹን ስሜት ብቻ ሳይሆን የትከሻውንም ሁኔታ ነው።

የአገራችን ሙዚቃ ለራሱ መሣሪያዎች ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልሶታል። ነጋሪት በጉዞ ላይ ሲመታ ለመቺው አንገት አልተተወም፤ በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ከበሮ በማንገቻ ከትከሻ ይወርዳል። በገና ለቆመ ሰው አልተሠራም፤ ደርዳሪው ተቀምጦ በጉያው ያሳርፈዋል። ከሁሉም በላይ ግን መቋሚያ ሊታሰብ ይገባዋል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያነጋው ደብተራ አገጩን ወይም ብብቱን የሚያሳርፍበት ይህ ዘንግ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ መነሻው የአካል ድጋፍ ነው። ነገር ግን በዚያ አልቀረም። ከዜማው ጋር ይነሣል፤ ይወድቃል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘማል፤ ከጽናጽልና ከከበሮ ጋር የማኅሌቱ አንድ አካል ሆኗል። ያለ መቋሚያ ሽብሸባውን መገመት ያዳግታል። ድጋፍ የኪነትን ክብር የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ መቋሚያ ከቅኔ ማኅሌት ደጃፍ ባላለፈ ነበር።

የነሐስ መሣሪያዎች ታሪክ ግን በሌላ መንገድ መጣ። ከ1888ቱ የአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የተላኩት መሣሪያዎች፣ በኋላም በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመናዊውን ባንድ መሠረት ጣሉ። (ቁጥሩ ከምንጮቹ ከተማ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው።) ከመሣሪያው ጋር ኖታው መጣ፤ ሰልፉ መጣ፤ ደረትን ነፍቶ የመቆም ወታደራዊ ሥርዓትም መጣ። ዛሬ በየከተማው የሚታየው «ያልተንቀሳቀሰ ጀግና ነው» የሚለው አመለካከት ከዚህ የሰልፍ ሥርዓት የተወረሰ ይመስላል። ቀጥ ብሎ መቆም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሸክሙን ያላገናዘበ ቀጥታነት ሙዚቃ ሳይሆን ቅጣት ነው።

መሣሪያዎቹ በተወለዱበት ዓለምም ቢሆን መልሱ አብሮ አልተወለደም። ሱዛፎን የተባለው፣ አካልን ዞሮ በግራ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ትልቅ መሣሪያ በአሜሪካ የተሠራው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእርሱ በፊት ሄሊኮን የተባለው ታላቅ ወንድሙ በአውሮፓ ነበረ። ሁለቱም ሸክምን በመቀነስ ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ በመለወጥ ለሰልፈኛው አገልግለዋል። በቅርብ ዘመን ደግሞ በፊንላንድ ኤርጎብራስ የሚባል ድጋፍ ወጥቷል፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ሆኖ ከወንበር፣ ከወለል ወይም ከወገብ ቀበቶ ላይ ተነሥቶ መሣሪያውን ይሸከማል። የነገሩን ክብደት ለመረዳት በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአሜሪካ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ጥናት መጥቀስ ይበቃል። መልስ ከሰጡት 2,212 ባለሙያዎች መካከል ከመቶው 76ቱ አጨዋወታቸውን ያወከ ቢያንስ አንድ ብርቱ የጤና ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል። እነዚህ የተመቸ ወንበርና የታወቀ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ድጋፍ ሁሉ ግን ጥሩ ድጋፍ አይደለም፤ ሂስ እዚህም ላይ ሥራ አለው። በአንገት ብቻ የሚንጠለጠል ቀጭን ማንገቻ ክንድን አሳርፎ አንገትን ይጎዳል። የመሣሪያውን ሰፊ አፍ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ድምፁን ሊያፍን ይችላል። ግትር ዘንግ ደግሞ ተጫዋቹን ሐውልት ያደርገዋል፤ ከዜማው ጋር ያለውን የአካል መወዛወዝ ይነፍገዋል። የተዋጣለት ድጋፍ እንደ መቋሚያ ነው፤ ክብደትን ይቀበላል፣ እንቅስቃሴን አይከለክልም።

ጋሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ተራ ተመልካች ሊሆን አይገባውም። የዶርዜ ሕዝባዊ ዝማሬ የድምፅን ሸክም የማካፈል ትምህርት ቤት ነው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በታተመው ሸክላ ላይ እንደሚሰማው ብዙ ድምፆች እየተጠላለፉ ዜማውን በጋራ ያቆሙታል። ከቀርከሃ የሚታጠፈው የዶርዜ ቤትም እግሩን ምስጥ ሲበላው ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንሥቶት ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ሸክምን ማካፈል ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲመለከቱ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያወርዳል፤ መርገጫውን በእግሩ ይረግጣል፤ ድሩን የሚከፍለው ክፍል ከላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ እጁ የሚሸከመው ነገር የለም፤ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ለማመላለስ ነፃ ነው። ይህ ለትሮምቦን ተጫዋች የሚያስፈልገው ነፃነት ነው። ያው ሸማኔ የሚሠራው መቀነትም ሌላ መልስ ይዟል። በወገብ ላይ በስፋት የሚጠመጠም ጨርቅ ሸክምን ከትከሻ አውርዶ ወደ ዳሌ አጥንት ለማሳለፍ ይረዳል፤ እናቶች ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው የሚታጠቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ከጨንቻ ደጋ የሚመጣው ቀላልና ተለማጭ ቀርከሃ ዘንጉን ቢሆን፣ ከመቀነቱ ጋር የተሰፋ የቆዳ ኪስ የዘንጉን እግር ቢቀበል፣ ከትከሻ የሚወርድ ሰፊ የጥጥ ማንገቻ ሚዛኑን ቢጠብቅ፣ ከውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅ የሚሞከር ነገር ይኖራል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከ1,200 ሜትር ከፍታ ጥቂት ከፍ ካለው ቆላ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ያወጣል። አየሩ በሚሳሳበት በዚያ ደጋ፣ ለዮ ማስቃላ በዓል የሚነፋ ባንድ ትከሻው የነጠቀውን ትንፋሽ ከየትም አያገኘውም።

«መደገፊያ የያዘ ተጫዋች ደካማ ይመስላል» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሽለላን በቴነር ሳክስፎን የነፋው ጌታቸው መኩሪያ መሣሪያውን በማንገቻ አንጠልጥሎ ነበር የሚጫወተው፤ ከሽለላው ወኔ አንዳች የጎደለ ያለው አድማጭ አልተሰማም። በተለይ ለታዳጊዎች ነገሩ ይበረታል፤ ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ ለጎልማሳ የተሠራ ቱባ ሲታቀፍ ሙዚቃን ከመልመዱ በፊት መጣመምን ይለምዳል።

መምህራንና የባንድ ኃላፊዎች ከዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ። ተጫዋቹ ያለ መሣሪያ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ትከሻው ወርዶ ሲያርፍ ሌላ ሰው መሣሪያውን ወደ ከንፈሩ ያመጣለታል። ከንፈሩ ወደ መሣሪያው አይሄድም። በዚያ ቦታ ላይ ከመሣሪያው ሥር እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩም እስከ ወገቡ ያለው ርቀት ይለካል፤ ቁጥሩ ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ይጻፋል። ቀርከሃው የሚቆረጠው በዚያ ልክ ነው።